«ቸኩለው ነው የቆረጡሽ» ለተባሉት ጠያቂ፦ ከማህፀን ውጭ እርግዝና ቀዶ ጥገና በኋላ ስለሚመጣ ጥርጣሬ

ጥያቄ፦ የ27 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ሐዋሳ ነው። የወር አበባዬ ቀርቶ በሽንት ምርመራ እርጉዝ መሆኔን አውቀን ተደስተን ነበር። ከዚያ ለአራት ቀን ትንሽ ትንሽ ደም ሲታየኝ ችላ አልኩት። በአምስተኛው ቀን ማታ ከባድ የሆድ ሕመም ያዘኝና ሽንት ቤት በር ላይ ራሴን ስቼ ወደቅሁ። ባለቤቴ በባጃጅ ሆስፒታል አደረሰኝ፤ በአልትራሳውንድ ሆዴ ውስጥ ደም ታየ፤ እኔ በቅጡ ሳልረዳው እሱ ፈርሞ ኦፕራሲዮን ክፍል ገባሁ። የቀኝ ቱቦዬ ወጥቷል፤ ሁለት ከረጢት ደም ተሰጥቶኛል። ይህ ከሆነ ሰባት ሳምንቱ ነው። ቁስሉ ድኗል፤ ሐሳቡ ግን አልለቀቀኝም። አዲስ አበባ ያለች የባለቤቴ የአክስት ልጅ በተመሳሳይ ችግር በመርፌ ብቻ ድናለች። አማቴም «ቸኩለው ነው የቆረጡሽ» ይሉኛል። ጽንሱን ወደ ማህፀን መመለስ አይቻልም ነበር? ቱቦው ተሰፍቶ አይተርፍም ነበር? በማስወጣቴስ ኃጢአት ሠርቼ ይሆን? አምና ፖስት ፒል ወስጄ ነበር፤ የሱ ጣጣ ይሆን? ከእንግዲህ ግማሽ ሴት ነኝ ወይ? ሌሊት እየባነንኩ እነሳለሁ፤ የጎረቤቴን ልጅ ክርስትና እንኳ መሄድ አልቻልኩም።

ምላሽ፦ በጻፉት ውስጥ ሌላውን ሁሉ የሚወስኑ ሦስት ነገሮች አሉ። ራስዎን ስተው ወድቀዋል፤ በአልትራሳውንድ ሆድዎ ውስጥ ደም ታይቷል፤ ሁለት ከረጢት ደም ተሰጥቶዎታል። እነዚህ ሦስቱ በአንድ ሌሊት በአንዲት እርጉዝ ሴት ላይ ከተገናኙ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቱቦው ፈንድቶ ደሙ ወደ ሆድ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። በዚያ ሰዓት ሕይወትዎን ሊያተርፍ የሚችለው ቀዶ ጥገና ብቻ ነበር። አማትዎ «ቸኩለው ነው» ማለታቸው በአንድ በኩል እውነት ነው፤ መቸኮል የነበረበት ሥራ ነውና።

እንቁላል ከወንድ ዘር ጋር የሚገናኘው፣ እንቁላል ከሚያመርተው ከእንቁልጢ ወደ ማህፀን በሚወስደው ቱቦ ውስጥ ነው። እንደ ወጉ ከሄደ፣ የተዳቀለው እንቁላል በሦስትና በአራት ቀን ቱቦውን ጨርሶ ማህፀን ይደርስና በሳምንቱ ገደማ ግድግዳው ላይ ይጣበቃል። መንገድ ላይ ከዘገየ ግን ጊዜው ሲደርስ ባለበት ሥር ይሰዳል። ከ100 እርግዝና 1 ወይም 2 የሚሆነው ከማህፀን ውጭ ይቀመጣል፤ ከዚህም ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ቱቦ ውስጥ ነው። ማህፀን ዘጠኝ ወር ሙሉ የሚለጠጥ ወፍራም ጡንቻ ነው። ቱቦ ግን ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ስስ መተላለፊያ ነው፤ ከማህፀኑ ጋር በሚገናኝበት በኩል ቀዳዳው ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም አይሰፋም። ጽንሱ በዚህ ስስ ግድግዳ ውስጥ ሥሩን እየሰደደ ደም ሥር ላይ ሲደርስ፣ ቱቦው ወይ ይደማል ወይ ይፈነዳል። እዚያ ተቀምጦ እስከ መወለድ የሚደርስበት መንገድ የለውም።

ጽንሱን ነቅሎ ወደ ማህፀን ማዛወር ይቻል እንደነበረ ጠይቀዋል። አይቻልም፤ በሐዋሳም፣ በአዲስ አበባም፣ ከባሕር ማዶም ይህን የሚሠራ ሆስፒታል የለም። ሥር የያዘ ችግኝ ሲነቀል ሥሩ ተበጣጥሶ እንደሚቀር ሁሉ፣ ጽንሱም ከተጣበቀበት ሲላቀቅ የሚመገብበት የደም መንገድ ይቋረጣል፤ ያንን መልሶ የሚቀጥል ጥበብ እስካሁን አልተገኘም። ስለ ኃጢአት ለጠየቁት፣ የነፍስ ጉዳይ የንስሐ አባትዎ ወይም የሃይማኖት መሪዎ ድርሻ ነው። ይዘውላቸው የሚሄዱትን የሕክምና እውነት ግን ልስጥዎት፦ ቀዶ ጥገናው በሕይወት ሊወለድ ይችል የነበረን ልጅ አላጠፋም። በዚያ ሌሊት ሊድን የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም እርስዎ ነዎት። ይህን በትክክል ሲነግሯቸው ምክራቸውም በትክክለኛው ነገር ላይ ይሆናል።

ብዙዎችን የሚያሳስተው የመርፌው ጉዳይ ነው፤ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። መርፌው ሜቶትሬክሴት ይባላል፤ በፍጥነት የሚባዙ ሴሎችን እድገት የሚያቆም መድኃኒት ስለሆነ ለካንሰር ሕክምናም ያገለግላል። ከማህፀን ውጭ እርግዝና ላይ በእርግጥ ይሠራል፤ የዘመድዎም ታሪክ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የሚሰጠው ቱቦው ላልፈነዳ፣ የደም ግፊቷና የልብ ምቷ ለተረጋጋ፣ ብርቱ ሕመም ለሌላት ሴት ነው። በተጨማሪም ኤችሲጂ የሚባለው የእርግዝና ሆርሞን በደም ምርመራ ከ5,000 በታች ቢሆን፣ ቱቦው ላይ ያለው እብጠትም ከ3.5 ሴንቲ ሜትር ባያልፍና የጽንሱ የልብ ምት ባይታይ ይመረጣል። ከተሰጠ በኋላ በ4ኛውና በ7ኛው ቀን ደም ተወስዶ ሆርሞኑ ቢያንስ በ15 በመቶ መውረዱ ይረጋገጣል፤ ከዚያም ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ በየሳምንቱ ይለካል፤ ይህም ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። በዚህ ሁሉ መካከል ቱቦው ሊፈነዳ ስለሚችል ሴትየዋ ከሆስፒታል ርቃ መሄድ የለባትም። መድኃኒቱ የሚሠራው በቀናት ነው፤ እርስዎ ግን የቀረዎት ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነበር። ደም ሥር ተቀዶ እየፈሰሰ ሳለ ሜቶትሬክሴት ወግቶ መጠበቅ ከባድ የሕክምና ስሕተት ይሆን ነበር። የዘመድዎ በሽታና የእርስዎ በሽታ ስማቸው አንድ ቢሆንም፣ የተደረሰባቸው ጊዜ ግን ለየቅል ነው።

እውነቱን ለመናገር ጥርጣሬው ተገቢ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ቱቦዋ ሳይፈነዳ፣ ተረጋግታ በእግሯ ሄዳ ለመጣች ሴት ስለ መርፌውም ሆነ ቱቦውን ስለ ማትረፍ አንድም ቃል ሳይነገራት ወደ ቀዶ ጥገና ብትገባ፣ ለምን ብላ የመጠየቅ ሙሉ መብት አላት። የእርስዎ ታሪክ ግን ከዚህ ጋር አይገጥምም።

ቱቦውን ስለ መስፋት የጠየቁት የባለሙያ ጥያቄ ነው፤ በሕክምናው ዓለምም ለዓመታት ያከራከረ ነገር ነው። ቱቦው ካልፈነዳ በቀጭኑ ተሰንጥቆ፣ ጽንሱ ወጥቶ፣ ቱቦው ሊተው ይችላል። ይህ ለወደፊት እርግዝና ይበልጥ ይጠቅም እንደሆነ ለመለየት በአውሮፓና በአሜሪካ 446 ሴቶችን ያሳተፈ ጥናት ተደርጎ፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታትሟል። ሁሉም ሌላኛው ቱቧቸው ጤነኛ የነበረ ሴቶች ናቸው። በሦስት ዓመት ውስጥ ያለ ተጨማሪ ሕክምና አርግዘው እርግዝናቸው የቀጠለላቸው፣ ቱቦው ከተተወላቸው መካከል 60.7 በመቶ፣ ቱቦው ከወጣላቸው መካከል 56.2 በመቶ ነበሩ፤ ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ሚዛን ላይ ከአጋጣሚ የሚለይ አልነበረም። በአንጻሩ ቱቦው ከተተወላቸው 7 በመቶው ላይ የጽንሱ ቅሪት ውስጥ ቀርቶ ተጨማሪ ሕክምና አስፈልጓል፤ ቱቦው በወጣላቸው ላይ ይህ ከ1 በመቶ በታች ነው። እንግዲህ ባልፈነዳ ቱቦ ላይ እንኳ ትርፉ ይህን ያህል ትንሽ ከሆነ፣ በፈነዳው ላይ ምን እንደሚቀር መገመት አያዳግትም።

ቀዶ ሐኪሙ ያየውን እርስዎ ስላላዩት፣ በእንዲህ ዓይነት ሌሊት የሚታየውን ልንገርዎት፤ ማንበቡ የሚከብድዎት ከሆነ ይህን አንቀጽ ይለፉት። ሆድ ሲከፈት መጀመሪያ የሚያጋጥመው ጠቆር ያለ ደም ነው፤ እንደ ጉበት የረጋው በእፍኝ እየተዛቀ ይወጣል፣ ፈሳሹ በመምጠጫ ይመጠጣል። ሐኪሙ እጁን ወደ ታች ሰዶ ማህፀኑን በመዳፉ ይይዝና ወደ ላይ ያነሳዋል፤ ያኔ ቱቦዎቹ በግራና በቀኝ ይታያሉ። ጤነኛው ሮዝ መልክ ያለው፣ ጫፉ እንደ ዘርፍ የተበተነ ነው። የፈነዳው አብጦ፣ ጠቁሮ፣ በአንድ ጎኑ ተቀድዶ ደም ያመነጫል። መቆንጠጫው ሲገባ መድማቱ ይቆማል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም የማደንዘዣ ባለሙያው የደም ግፊቱ እየተመለሰ መሆኑን ይናገራል። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚተነፍሰው ያኔ ነው። የተቀደደውን ቱቦ ለመጠገን መሞከር ማለት ያንን መቆንጠጫ ማዘግየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1883 በበርሚንግሃም ሎውሰን ቴይት የተባለ ቀዶ ሐኪም የፈነዳ ቱቦ አውጥቶ አንዲት ሴት እስኪያድን ድረስ፣ በዚህ በሽታ የሚደሙ ሴቶች አብዛኛውን ጊዜ ሐኪም እያያቸው ይሞቱ ነበር። ለእርስዎ የተደረገው በመሠረቱ ያው ሥራ ነው።

«ግማሽ ሴት ነኝ ወይ» ላሉት፣ ሒሳቡ እንደዚያ አይሠራም። በጻፉት መሠረት የወጣው ቱቦው ብቻ ነው፤ የወር አበባን የሚያስመጣውን የሴትነት ሆርሞን የሚያመነጨው እንቁልጢ በቦታው አለ፤ በወረቀትዎ ላይ ይህንኑ ያረጋግጡ። ከቀኝ እንቁልጢ የወጣ እንቁላልም የግድ ባክኖ አይቀርም፤ የቱቦው ጫፍ የሚንቀሳቀስ ስለሆነ የግራው ቱቦ ከቀኝ የወጣውን እንቁላል ሊቀልበው ይችላል። አንድ ቱቦ ብቻ ኖሯቸው ሦስትና አራት የወለዱ እናቶች በየሆስፒታሉ አሉ። የመውለድ ዕድልዎን የሚወስነው የግራው ቱቦ ጤንነት፣ ዕድሜዎና የባለቤትዎ ዘር ናቸው፤ የወጣው ቱቦ ከዚህ በኋላ ያለው ድርሻ ጥቂት ነው።

የምክንያቱን ጉዳይ አጠር አድርጌ ላስቀምጠው። ፖስት ፒል በቀናት ውስጥ ከሰውነት ተወግዶ ያልቃል፤ አምና የተወሰደ ክኒን ዘንድሮ ቱቦ የሚዘጋበት መንገድ የለም። ጀሪካን ማንሳት፣ መንገድ፣ ድንጋጤ፣ የሰው ዓይን፣ አንዳቸውም እንቁላልን ቱቦ ውስጥ አያስቀሩም። የታወቁት መንስኤዎች የቱቦን ውስጥ የሚያቆስሉ ናቸው፦ ክላሚዲያና ጨብጥ፣ ከዚህ በፊት በቱቦ ላይ የተደረገ ቀዶ ጥገና፣ የፈነዳ ትርፍ አንጀት፣ ሲጋራም ጭምር። ሆኖም ይህ ችግር ከሚገጥማቸው ሴቶች ግማሽ ያህሉ ላይ ምንም የታወቀ ምክንያት አይገኝም። ክላሚዲያ ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ሊቆይ ስለሚችል እርስዎም ባለቤትዎም እንድትመረመሩ እመክራለሁ፤ ውጤቱ ግን መወቃቀሻ እንዳይሆን አደራ፣ ማን ከማን መቼ እንደያዘው ምርመራው አይናገርም።

አራቱን ቀን ችላ በማለትዎ ራስዎን እንደሚወቅሱ ከአጻጻፍዎ ተረድቻለሁ። ቀድመው ቢመጡ ኖሮ በመርፌ የመታከም ዕድል ሊኖር ይችል ነበር፤ ይህን ብደብቅዎት ሌላውንም ቃሌን አያምኑትም። ነገር ግን በእርግዝና መጀመሪያ ላይ ትንሽ ደም የሚታያቸው እናቶች ብዙ ናቸው፤ ከአራት እርጉዞች አንዷ ገደማ ታየዋለች፤ አብዛኞቹም በሰላም ይገላገላሉ። በዚያ ሰሞን ቢመረመሩም አልትራሳውንዱ ምንም ላያሳይ፣ «ከሁለት ቀን በኋላ ተመለሺ» ሊባሉ ይችሉ ነበር። ማንም ያላስጠነቀቀዎትን ምልክት አለማወቅ ቸልተኝነት አይባልም። ባለቤትዎ ስለ መፈረማቸውም እንዲሁ ነው፤ ራስዎን ስተው ሳለ የፈረሙት ሕይወትዎን መርጠው ነው። እሳቸውም በዚያች ፊርማ ሌሊት እንቅልፍ እያጡ ሊሆን ስለሚችል፣ እስካሁን ካልተነጋገራችሁበት ተነጋገሩበት።

አሁን ወደ ዋናው ምክሬ ልምጣ። ጥርጣሬዎ የሚፋፋው የሆነውን ነገር ከሰው አፍ እንጂ ከመዝገቡ ስላላወቁት ነው። ይህ የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ የእኛ የሐኪሞች ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሮጠን እናድናለን፤ በማግስቱ ግን አልጋው አጠገብ ወንበር ስበን ተቀምጠን «ያገኘነው ይህ ነበር፣ ያደረግነውም ለዚህ ነው» ማለትን እንረሳለን። እኔ ራሴ በወጣትነቴ ያከምኳት ሴት ከዓመት በኋላ ተመልሳ «ማህፀኔን ነው ያወጣችሁት?» ብላ ጠይቃኛለች፤ ዓመቱን ሙሉ የወር አበባዋን እያየችም ይህን ፍርሃት ይዛ ኖራለች። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ወደታከሙበት ሆስፒታል ሄደው የካርድ ቁጥርዎን በመስጠት የቀዶ ጥገናው ማስታወሻ እንዲነበብልዎት ይጠይቁ። የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ብቻዎን አይታገሉት፤ በቀጠሮ ቀን ከሐኪም ጋር ተቀምጠው በአማርኛ ያስተርጉሙት። ሆድዎ ውስጥ የተገኘው ደም ምን ያህል እንደነበረ፣ ቱቦው የፈነዳው የቱ ጋ እንደሆነ፣ የግራው ቱቦና እንቁልጢዎቹ ምን ይመስሉ እንደነበር፣ ጠባሳ ወይም መጣበቅ ታይቶ እንደሆነ፣ የወጣው ቱቦ ለፓቶሎጂ ምርመራ ተልኮ ከሆነም ውጤቱ ምን እንደሚል ይጠይቁ። ጥያቄዎቹን በወረቀት ጽፈው ይሂዱ፤ እዚያ ሲደርሱ ይጠፋሉና። ባለቤትዎም አብረው ይግቡ፤ የሚቻል ከሆነ አማትዎም። ከሐኪሙ አፍ የሰሙትን ነገር ቤት ተመልሰው ማስረዳት አይጠበቅብዎትም።

የደም ዓይነትዎንም ሳይጠይቁ አይውጡ። ደምዎ ኔጌቲቭ ከሆነ ሾተላይን ለመከላከል የሚሰጠው መርፌ በ72 ሰዓት ውስጥ መሰጠት ነበረበት። መሰጠቱ ካርድዎ ላይ ካልተጻፈ ለሐኪሙ ይንገሩት፤ በሚቀጥለው እርግዝና ገና ከመጀመሪያው ክትትል እንዲደረግልዎት ያስፈልጋል።

መዝገቡን አውቀው እንኳ ሌሊት መባነኑ ወዲያው ላይቆም ይችላል። እርስዎ ሁለት ነገር ነው የደረሰብዎት፤ የተመኙትን ልጅ አጥተዋል፣ ራስዎም ከሞት ደጃፍ ተመልሰዋል። ሰው «እንኳን አንቺ ተረፍሽ፣ ትወልጃለሽ» ሲል ሁለተኛውን ያያል፣ የመጀመሪያውን ግን ይዘልለዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የለንደን ጥናት ጽንስ የወረዳቸውንና ከማህፀን ውጭ እርግዝና የገጠማቸውን ሴቶች ተከታትሎ፣ በወሩ 29 በመቶ፣ በዘጠነኛው ወርም 18 በመቶ የሚሆኑት ከከባድ ድንጋጤ በኋላ የሚመጣ የጭንቀት ሕመም ምልክት እንዳላቸው አግኝቷል። ስለዚህ የሚሰማዎት ነገር የታወቀና የሚታከም ነው። ክርስትናውን ቢቀሩ ማንም ሊቀየምዎት አይገባም፤ ጊዜው ሲደርስ ይሄዳሉ። ሆኖም ያ ምሽት ሳያስቡት እየተመለሰ የሚታይዎት ከሆነ፣ ምግብና ሥራ ካስጠላዎት፣ በተለይም መኖር አስጠላኝ የሚል ሐሳብ ከመጣብዎት፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ አእምሮ ሕክምና ይሂዱ፤ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይህ አገልግሎት አለ።

ለሰውነትዎ፣ የደም መጠንዎን ይለኩና አነስተኛ ከሆነ የታዘዘልዎትን የአይረን ክኒን ሦስት ወር ያህል ይውሰዱ። ከቀዶ ጥገና በኋላ ለማርገዝ መጠበቅ የሚገባው ጊዜ በሕግ የተቆረጠ አይደለም፤ እኔ ሁለት ወይም ሦስት የወር አበባ እስኪመጣና ደምዎ እስኪመለስ ይጠብቁ እላለሁ። ከሁሉ በላይ ግን ልብዎ ሲፈቅድ ይሁን። ሜቶትሬክሴት የወሰደች ሴት ቢያንስ ሦስት ወር ትጠብቃለች፤ ያ ገደብ እርስዎን አይመለከትም። እስከዚያው የፈለጉትን የወሊድ መቆጣጠሪያ መጠቀም ይችላሉ። ማርገዝ ሲያስቡ በቀን 0.4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ አስቀድመው ይጀምሩ። «ማህፀን ይስተካከላል» ተብሎ የሚደረገውን ሆድ ማሳሸትና የሚጠጣ ሥራሥር አልስማማበትም፤ ገና በሚድን ሆድ ላይ ጉዳት ያደርሳል። የቱቦ ራጅም አሁን አያስፈልግዎትም። ለአንድ ዓመት ሞክረው እርግዝና ካልመጣ ያኔ እርስዎ ራጁን፣ ባለቤትዎም የዘር ምርመራ ያድርጉ፤ ከዚያም ካለፈ በላቦራቶሪ የማዳቀል ሕክምና በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ይሰጣል።

አንድ ጊዜ ከማህፀን ውጭ ያረገዘች ሴት በድጋሚ የሚያጋጥማት ዕድል 10 በመቶ ገደማ ነው፤ ዘጠኝ እጁ በማህፀን ውስጥ ይሆናል ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ቀጣዩን እርግዝና እንደ ሌላው ሰው ሦስት ወር እስኪሞላው ጠብቀው ክትትል አይጀምሩ። የወር አበባዎ እንደቀረ በሽንት ይመርመሩ፤ ፖዘቲቭ ከሆነ የመጨረሻው የወር አበባ ከጀመረበት ቀን ቆጥረው በ6ኛው ሳምንት በብልት በኩል የሚደረገውን አልትራሳውንድ ይነሱ። ማህፀን ውስጥ ምንም ካልታየ በ48 ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ ኤችሲጂ ይለካል። ከዚያ በፊት በአንድ ጎን የሚጸና የሆድ ሕመም፣ የትከሻ ጫፍ ሕመም፣ ማጥወልወል ወይም ደም ከታየዎት ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ በር ላይ ለሚቀበለዎት ባለሙያ ከሁሉ አስቀድመው «ከዚህ በፊት ከማህፀን ውጭ እርግዝና ነበረኝ፤ ቀኝ ቱቦዬ ወጥቷል» ይበሉ።